ቾክ ላይ ይነሳል፣ ነዳጅ ሲሰጡት ይጠፋል

ጥያቄ፦ የሞተር መጋዜን አራት ወር ያህል ሳልነካው አስቀመጥኩት፤ ቤንዚኑ ውስጡ ነበር። አሁን ቾክ ስስብ ይነሳል፣ አምስት ስድስት ሰከንድ ይሠራል፣ ከዚያ ቾኩን ስመልስ ወይም ነዳጅ ስሰጠው ይጠፋል። ካንዴላ ቀየርኩ፣ ምንም ለውጥ የለም። የካርቡራተሩን ብሎኖች አዙር ያለኝ ሰው ነበር፤ አዟዟርኩ፣ ባሰበት። ካርቡራተሩን ልቀይረው ወይስ ሞተሩ ነው ያለቀለት?

ምላሽ፦ ካርቡራተር ለመግዛት አይቸኩሉ። ሞተሩም አላለቀለትም። መጋዙን ሳላየው ይህን ያህል ደፍሬ የምናገረው የጻፉት ምልክት ራሱ ብዙ ስለሚናገር ነው። ሞተሩ ለጥቂት ሰከንድ እንኳ ከሠራ ካንዴላው እሳት እየሰጠ ነው፣ ፒስተኑም የገባለትን አየርና ቤንዚን እያመቀ ነው። ስለዚህ ሞተር ከሚያስፈልጉት ሦስት ነገሮች ሁለቱ፣ እሳትና እመቃ፣ አሉ ማለት ነው። የቀረው ሦስተኛው ነው፤ ካርቡራተሩ የሚያዘጋጀው የአየርና የቤንዚን ድብልቅ። ካንዴላ መቀየርዎ ለውጥ ያላመጣው ለዚህ ነው፤ ችግሩ መጀመሪያም እዚያ አልነበረም።

ቾክ ምን እንደሚሠራ ካሰቡት ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይጠራል። ቾክ የአየሩን መግቢያ ይዘጋል። አየር ሲያንስ ሞተሩ ካርቡራተሩን አጥብቆ ይስባል፣ ቤንዚኑም ከወትሮው በዝቶ ይገባል። የእርስዎ መጋዝ ቾክ ላይ ብቻ የሚሠራው በዚህ ጉልበት ካልተሳበለት በቀር በቂ ቤንዚን ስለማይደርሰው ነው። በአጭሩ ተርቧል። ወይ ቤንዚኑ በመንገድ ላይ የሚዘጋው ነገር አለ፣ ወይ ደግሞ አየር መግባት በሌለበት ቀዳዳ ሾልኮ እየገባ ድብልቁን እያሳሳው ነው። ከዚህ በኋላ የምንሠራው ሥራ ሁሉ ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ መለየት ነው።

ወደ ሥራው ከመግባታችን በፊት ግን አንድ ነገር በጣም አደራ እላለሁ። መጋዙን በግድ ለማሠራት መሞከርዎን ያቁሙ። የመጋዝዎ ሞተር ቱ ስትሮክ የሚባለው ዓይነት ነው፤ እንደ መኪና ሞተር ለብቻው ዘይት የሚይዝበት ቦታ የለውም። ፒስተኑንም፣ ኩሽኔታዎቹንም የሚያለሰልሰው ከቤንዚኑ ጋር የተደባለቀው ዘይት ብቻ ነው። ቤንዚን ሲያንሰው ዘይትም አብሮ ያንሰዋል፣ ሙቀቱም ይጨምራል። የሞተር መጋዝ ያለ ጭነት ሙሉ ነዳጅ ሲሰጠው በደቂቃ ከ12,000 እስከ 14,000 ዙር ይሽከረከራል። በዚህ ፍጥነት ዘይት ያነሰው ፒስተን ግድግዳውን ለመብላት ደቂቃዎች ይበቁታል። ይህን ከራሴ ስህተት ነው የተማርኩት። ሥራውን በጀመርኩበት ሰሞን ልክ እንደ እርስዎ ያለ መጋዝ መጣልኝ። መንስኤውን ሳልፈልግ ብሎኖቹን እያዞርኩ እስኪሠራ ድረስ አስተካከልኩት፤ ሠራም፤ ባለቤቱም ተደስቶ ሄደ። በሳምንቱ ገመዱ ሲሳብ ምንም የማይከብድ፣ ፒስተኑ ከላይ እስከ ታች የተቧጨረ መጋዝ ይዞ ተመለሰ። በካርቡራተሩና በሲሊንደሩ መካከል ያለው ጎማ ተሰንጥቆ አየር ሲያስገባ ነበር፤ እኔ በብሎን የሸፈንኩት እሱን ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ መንስኤውን ሳላገኝ ብሎን አልነካም።

እንግዲህ ከቀላሉ እንጀምር፤ ከቤንዚኑ። አራት ወር የቆየ ቤንዚን መጀመሪያ የገባው ቤንዚን አይደለም። በቀላሉ የሚተኑት ክፍሎቹ፣ ማለትም ቀዝቃዛ ሞተርን የሚያስነሱት፣ ተነው ይጠፋሉ፤ የቀረው ደግሞ ቀስ በቀስ እንደ ሙጫ ያለ ነገር ይሠራል። ኤታኖል ያለበት ከሆነ ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል፣ እርጥበቱ ሲበዛም ውሃው ከኤታኖሉ ጋር ተለይቶ ከታች ይቀመጣል። የቤንዚን ቱቦው ጫፍ የሚስበው ከዚያው ከታች ነው።

ታንኩ ውስጥ ያለውን በሙሉ ንጹሕና የሚያሳይ የብርጭቆ ማሰሮ ውስጥ ይገልብጡት፤ እሳትና ሲጋራ በሌለበት፣ ነፋስ በሚያገኝ ቦታ ይሁን። አንድ አሥር ደቂቃ ሳይነኩ ይተዉትና ብርሃን ላይ ይዩት። ከታች የተለየ ነገር ተንጣልሎ ከታየ፣ ዶቃ የመሰሉ ጠብታዎች ከተንከባለሉ፣ ውሃ ነው። ከታች የተከማቸ የእንጨት ብናኝም ያያሉ። ሽታውንም ያስተውሉ፤ ትኩስ ቤንዚን አፍንጫን ይወጋል፣ ያረጀው ግን የቆየ ቀለም ወይም ቫርኒሽ ይሸታል። ከሁለት ወር በላይ የቆየ ድብልቅ ምንም ቢመስል አልጠቀምበትም።

አዲሱን ሲደባልቁ መለኪያው ላይ አይገምቱ። አብዛኞቹ የዛሬ መጋዞች 50 ለ 1 ይፈልጋሉ፤ ለአንድ ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር፣ ለአምስት ሊትር 100 ሚሊ ሊትር ዘይት ማለት ነው። አንዳንድ የቆዩ ወይም በርካሽ የተሠሩ ሞተሮች 25 ለ 1፣ ማለትም ለአንድ ሊትር 40 ሚሊ ሊትር ይጠይቃሉ። የእርስዎን የሚወስነው ከመጋዙ ጋር የመጣው መመሪያ ወይም ክዳኑ አጠገብ የተጻፈው ቁጥር ነው። ዘይቱ የቱ ስትሮክ ዘይት ይሁን። የመኪና ሞተር ዘይት ለመቃጠል አልተሠራም፤ ጥላሸቱ ካንዴላውንም ማርሚታውንም (የጭስ ማውጫውን) ይደፍናል። በመጀመሪያ ዘይቱን ከጥቂት ቤንዚን ጋር ያዋህዱ፣ ከዚያ የቀረውን ጨምረው በደንብ ይነቅንቁ። ወደ መጋዙ ከመሙላትዎ በፊትም ጀሪካኑን እንደገና ይነቅንቁት።

በአዲስ ቤንዚን ብቻ የሚድን መጋዝ ጥቂት አይደለም። የእርስዎ ግን አራት ወር ቤንዚን ውስጡ ስለከረመ ቤንዚኑ ወደሚያልፍበት መንገድም እንድንወርድ ያስገድደናል።

መጀመሪያ ክዳኑን እንፈትን፤ ይህ ምንም መፍታት አይጠይቅም። ታንኩ ቤንዚን ሲወጣለት በምትኩ አየር ማስገባት አለበት፤ ለዚህም ትንሽ የአየር መተንፈሻ አለው። መተንፈሻው በብናኝ ሲደፈን ታንኩ ውስጥ ባዶነት ይፈጠራል፣ ካርቡራተሩም የፈለገውን ያህል ቢስብ ቤንዚኑ አይመጣለትም። ልክ ሲጠፋብዎ ክዳኑን ቀስ ብለው ይፍቱ። «ፍስ» ብሎ አየር ወደ ውስጥ ከገባና መጋዙ ወዲያው ተነስቶ ከሠራ በሽታው ተገኘ። ነገር ግን የመተንፈሻ ችግር አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው አምስት አሥር ደቂቃ ከሠራ በኋላ ነው። የእርስዎ በሰከንዶች ውስጥ ስለሚጠፋ ዋናው ጥርጣሬዬ ሌላ ቦታ ነው፤ ቢሆንም ፈተናው የሚወስደው አንድ ደቂቃ ስለሆነ አይዝለሉት።

ቀጥሎ የቤንዚኑ ፊልትሮ (ማጣሪያ)። ጫፉ እንደ መንጠቆ የታጠፈ ሽቦ በክዳኑ ቀዳዳ ያስገቡና ቱቦውን ሳይቧጭሩ ቀስ ብለው ይሳቡት፤ በቱቦው ጫፍ ላይ የትንሽ ጣት ጫፍ የሚያህል ፊልትሮ ይወጣል። ነጭ የነበረው ጠቁሮ ወይም ገርጥቶ፣ ሲነካም ደርቆ ከሆነ ይቀይሩት። ማጠብ ብዙም አያተርፍም፤ የተደፈነው ጨርቅ ከላይ ሲጸዳ ከውስጥ አይጸዳም።

ፊልትሮውን በእጅዎ እንደያዙ ቱቦውን ይመርምሩት። ይህን ክፍል አስረዝሜ የምጽፈው አብዛኛው ሰው እዚህ ጋ ስለሚሳሳት ነው። ቱቦው ዝም ብሎ ሲታይ ደህና ነው። ነገር ግን በሁለት ጣት ይዘው ቀስ ብለው ያጥፉት፣ ትንሽም ይሳቡት፤ በተለይ በታንኩ ግድግዳ የሚያልፍበትንና ካርቡራተሩ ላይ የሚሰካበትን። ቤንዚን ያደረቀው ጎማ ሲታጠፍ ፀጉር የሚያህሉ ስንጥቆች አፋቸውን ይከፍታሉ፤ ሲለቁት መልሰው ይገጥማሉ። በዚያ ስንጥቅ ቤንዚን ላይንጠባጠብ ይችላል፤ ካርቡራተሩ ሲስብ ግን አየር ይገባበታል። ከአየር ጋር የመጣ ቤንዚን ለሞተሩ ረሃብ ነው። መጋዝዎ የቤንዚን መጥሪያ የጎማ ኳስ ካለው ደጋግመው ይጫኑትና በሚያሳየው ቱቦ ውስጥ ይመልከቱ፤ አረፋው ካላቋረጠ አንድ ቦታ አየር እየገባ ነው። የቱቦው ጫፍ ካርቡራተሩ ላይ ሲሰካ ልል ከሆነም ከጫፉ ቆርጦ መሰካት መፍትሔ አይሆንም። ጎማው በሙሉ እኩል ነው ያረጀው፤ ይቀየር።

ቤንዚኑም፣ ፊልትሮውም፣ ቱቦውም አዲስ ሆነው ምልክቱ ካልተለወጠ አሁን ካርቡራተሩን ለመክፈት ምክንያት አለን። መግዛት አላልኩም፤ መክፈት ነው ያልኩት።

የሞተር መጋዝ ካርቡራተር ከሞተር ብስክሌቱ የሚለየው ተንሳፋፊ፣ ማለትም ቤንዚኑ ላይ እየተንሳፈፈ መጠኑን የሚጠብቅ ክፍል፣ ስለሌለው ነው። መጋዝ በጎኑም፣ ተገልብጦም ይሠራል፤ ተንሳፋፊ ቢኖረው ሲገለበጥ ቤንዚኑ ይፈስ ነበር። በተንሳፋፊው ፈንታ ሁለት ዲያፍራሞች፣ ማለትም የሚታጠፉ ስስ ሽፋኖች፣ አሉት። አንደኛው ፓምፕ ነው፤ ፒስተኑ ወደላይና ወደታች ሲል ከሥሩ ባለው ክፍል የሚፈጠረው ግፊትና መሳብ በአንዲት ትንሽ ቀዳዳ አልፎ ያርገበግበዋል፣ እሱም ቤንዚኑን ከታንክ ይስባል። ሁለተኛው ልኬት ጠባቂ ነው፤ ሞተሩ ቤንዚን ሲስብ ወደ ውስጥ ገብቶ አንዲት ትንሽ ምላስ ይጫናል፣ ምላሷ መርፌዋን ታነሳለች፣ ቤንዚንም ይገባል። እንግዲህ ይህ ሁለተኛው ዲያፍራም አራት ወር በቤንዚን ሙጫ ውስጥ ሲከርምና ሲደርቅ ምን እንደሚሆን አስቡት። ይደርቃል፤ ሲደርቅም ምላሷን ለመጫን ጉልበት ያጣል። በቾክ ኃይል ሲሳብ ብቻ ይታጠፋል። የእርስዎ መጋዝ የሚያሳየው ባህሪ ይኸው ነው።

ካርቡራተሩን ሲያወጡ የአየር ፊልትሮውን አንስተው ሁለቱን ብሎን ይፍቱ፤ ከዚያ በፊት ግን በስልክዎ ከሁሉም አቅጣጫ ፎቶ ያንሱት። የነዳጅ መስጫው ሽቦ የት ቀዳዳ እንደገባ፣ የቾኩ ዘንግ እንዴት እንደተሰካ ከአንድ ሰዓት በኋላ አይታወስም። ዙሪያውን በብሩሽና በአየር ያጽዱ፤ አንዲት የእንጨት ብናኝ ከውጭ ብትገባ የሠሩትን ሁሉ ታበላሻለች። ከዚያ ነጭ ጨርቅ ላይ ያስቀምጡት። በአራት ብሎን የተያዘው ክዳን የልኬቱ ዲያፍራም ነው፤ በአንድ ብሎን የተያዘው ደግሞ በአብዛኛው የፓምፑ።

የልኬቱን ክዳን አንስተው ዲያፍራሙን በጣትዎ ጫፍ መሐሉን ይንኩት። ጤነኛው እንደ ሽንኩርት ስስ ልጣጭ የለሰለሰ ነው፤ በእስትንፋስ እንኳ ይንቀሳቀሳል። የደረቀው ሲነኩት «ጠቅ» የሚል ድምፅ ያሰማል፣ ወይም የተሸበሸበበትን መልክ ይዞ ይቀራል። እንዲህ ከሆነ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም። የፓምፑንም ክዳን ይክፈቱ፤ ከሥሩ የጥፍር ስፋት የማይሞላ ክብ ወንፊት አለ። እሱ በሙጫ ተደፍኖ ያገኘሁባቸውን መጋዞች ቁጥር አላስታውስም። በመርፌ ጫፍ አንስተው በካርቡራተር ማጽጃ ይጠቡት።

ዲያፍራሞቹ፣ ጓርኒሲዮኖቹ (በሁለት ክፍሎች መካከል ገብተው የሚያሽጉት ስስ ንጣፎች)፣ መርፌዋና ወንፊቱ አንድ ላይ የጥገና ዕቃ ተብለው በአንድ ከረጢት ይሸጣሉ። ሲገዙ በካርቡራተሩ አካል ላይ የተቀረጸውን ስምና ቁጥር (ዋልብሮ፣ ዛማ ወይም ሌላ) ይዘው ይሂዱ፤ በመጋዙ ስም ብቻ ከጠየቁ የማይገጥም ሊሰጥዎ ይችላል። ሲገጥሙ ቅደም ተከተሉ እንዳይምታታ። በአብዛኞቹ ላይ በልኬቱ በኩል መጀመሪያ ጓርኒሲዮኑ፣ በላዩ ዲያፍራሙ ይመጣል፤ በፓምፑ በኩል የተገላቢጦሽ ነው፣ ዲያፍራሙ ቀድሞ አካሉ ላይ ይቀመጣል። ግን የእኔን ቃል ሳይሆን ያነሱትን ፎቶ ይመኑ። ካርቡራተሩን መልሰው ሲያስሩም ከኋላው ያለው ጓርኒሲዮን ያቺን የግፊት ቀዳዳ እንዳይሸፍን ይጠንቀቁ። ተገልብጦ ከገባ ቀዳዳዋ ትደፈናለች፣ ፓምፑም ጨርሶ አይሠራም፤ ሰውም የባሰ አበላሸሁት ብሎ ተስፋ ይቆርጣል።

ሁለት ነገር አያድርጉ። ቀዳዳዎቹን በሽቦ አይጎርጉሩ፤ መጠናቸው በጥንቃቄ የተሰላ ነው፣ በጥቂቱ ከሰፉ ካርቡራተሩን መልሶ ልክ ማስገባት አይቻልም። በኮምፕረሰር አየርም ከቅርብ አይምቱት፤ በዋናው መርጫ ውስጥ ያለችውን የአንድ አቅጣጫ ቫልቭ ሊጎዳት ይችላል። በቆርቆሮ የሚመጣ ማጽጃና ትዕግሥት ይበቃል። መርፌዋን የምትይዘውን ምላስም ሳይለኩ አያጥፉ።

አሁን ስላዟዟሯቸው ብሎኖች። የሚስተካከል ካርቡራተር ሦስት አለው። ኤል የሚል ምልክት ያለው የዝቅተኛ ዙር ቤንዚን ነው፣ ኤች የከፍተኛው፤ ሦስተኛው ቲ ወይም ኤልኤ ተብሎ የሚጻፈው የሚኒሞ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይሰጡት ሞተሩ የሚሠራበት ዝቅተኛ ዙር፣ ማስተካከያ ነው፤ ቤንዚን አይጨምርም፣ የአየር በሩን ብቻ ትንሽ ገርበብ አድርጎ ይይዛል። አንድ የሚያሰጋኝ ነገር ኤችን አጥብቀውት እንዳይሆን ነው። ኤችን ማጥበቅ ቤንዚን መቀነስ ነው፤ መጋዙ ለጊዜው የፈጠነና የበረታ ይመስላል፣ ድምፁም ይስላል፣ እየተቃጠለ ግን ነው። ስለዚህ ኤልንና ኤችን በጣም በለሆሳስ፣ ሳይጨቁኑ እስኪዘጉ ያዙሩና ከዚያ አንድ ሙሉ ዙር ይክፈቷቸው። ለብዙዎቹ መጋዞች መነሻ የሚሆነው ይህ ነው፤ መመሪያዎ ሌላ ካለ እሱን ይከተሉ። አንዳንዶቹ ላይ ብሎኑ ከተወሰነ መጠን በላይ እንዳይዞር የሚከለክል ክዳን አለ፤ በኃይል አይስበሩት። ኤም ትሮኒክ ወይም ኦቶ ቲዩን የሚባለው ሥርዓት ያላቸው አዳዲስ መጋዞች ደግሞ የቤንዚኑን ልክ ራሳቸው ስለሚያስተካክሉ ይህ ክፍል አይመለከታቸውም።

መጋዙ ተነስቶ ጥቂት ደቂቃ ከሞቀ በኋላ በኤል ይጀምሩ። ነዳጅ ሲሰጡት የሚያመነታ ከሆነ ኤልን በጥቂቱ፣ የአንድ ዙር አንድ ስምንተኛ ያህል፣ ይክፈቱ፤ ሳያመነታ ወዲያው እስኪነሳ ድረስ። ቀጥሎ ሚኒሞውን ሰንሰለቱ ሳይንቀሳቀስ ሞተሩ ሳይጠፋ እስኪቆም ያስተካክሉ፤ ቁጥሩ በደቂቃ ከ2,500 እስከ 3,000 ዙር አካባቢ ነው። ነዳጅ ሳይሰጡት ሰንሰለት የሚዞር ከሆነ በፍጹም አይጠቀሙበት። ኤችን በመጨረሻ ነው የምናየው። ያለ ጭነት ሙሉ ነዳጅ ሲሰጡት ድምፁ ጥርት ብሎ የሚጮህ ከሆነ ድብልቁ ስስ ነው፤ ድምፁ ትንሽ ሻከር፣ ቆረጥ ቆረጥ የሚል ቢሆን ይሻላል። ያ ሻካራ ድምፅ ሰንሰለቱ እንጨት ውስጥ ሲገባ ይጠራል። ጆሮዎን ካላመኑ የዙር መለኪያ ያለው ሰው ያስተካክልልዎ። በዚህ ላይ ሁልጊዜ ትንሽ ወደ ብዙ ቤንዚን ማዘንበል እመርጣለሁ፤ ትንሽ ጭስ ፒስተን አይገድልም።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ሚኒሞው አንድ ቦታ የማይረጋ ከሆነ፣ አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ የሚል፣ ወይም ነዳጅ ለቀውለት ወደ ሚኒሞ ለመመለስ የሚዘገይ ከሆነ፣ ወይም መጋዙን በጎን ሲያዘነብሉት ዙሩ የሚለወጥ ከሆነ፣ አየር ሾልኮ እየገባ ነው። የሚገባውም በመግቢያው ጎማ፣ ወይም በክራንክሻፍቱ (ፒስተኑ በሚያዞረው ዘንግ) ሁለት ጫፍ ባሉት ፓራዮሊዮዎች፣ ማለትም የጎማ ማሸጊያ ቀለበቶች፣ ወይም በሲሊንደሩ ሥር ባለው ጓርኒሲዮን ነው። ጎማውን አጠፍ ዘርጋ አድርገው ራስዎ ማየት ይችላሉ። የቀሩትን ግን ማርሚታውንና ካርቡራተሩን ዘግቶ በግማሽ ባር ያህል ግፊትና በመሳብ የሚፈትን ባለሙያ ይያቸው። በጋለ ሞተር ላይ ቤንዚን ወይም ስፕሬይ እየረጩ ቀዳዳ የሚፈልጉ አሉ፤ ማርሚታው እሳት ነው፣ አይሞክሩት።

ሞተሩ ጨርሶ የማይነሳባቸው አንባቢዎችም ይኖራሉ፤ ለእነሱ በአጭሩ። ገመዱን ስድስት ሰባት ጊዜ ከሳቡ በኋላ ካንዴላውን ይንቀሉ። ደረቅ ከሆነ ቤንዚን አልደረሰም፤ ከላይ የጻፍኩትን መንገድ ይከተሉ። ጫፉ በቤንዚን ከራሰ ሞተሩ ሰጥሟል፤ መጋዙን በማጥፊያው ያጥፉ፣ ቾኩን ይመልሱ፣ ካንዴላውን ሳይመልሱ ቀዳዳውን ከፊትዎ አርቀው ገመዱን አሥር አሥራ አምስት ጊዜ ይሳቡ፣ ካንዴላውን አድርቀው ይመልሱና ማጥፊያውን ከፍተው ያለ ቾክ ነዳጅ ይዘው ያስነሱ። አብዛኛው ሰው የሚያሰጥመው የመጀመሪያዋን «ድፍ» የሚል ድምፅ ሳይሰማ በቾክ መሳቡን ሲቀጥል ነው። ያቺ ድምፅ እንደተሰማች ቾኩ ወደ ግማሽ መመለስ አለበት። ሳትሰማ ማለፏ ቀላል ስለሆነ ጆሮዎን ለእሷ ይስጡ። የሞቀ ሞተር ደግሞ ቾክ አይፈልግም።

እሳት መኖሩን ለማየት ካንዴላውን ከቀዳዳው አርቆ ብረቱን ከሲሊንደሩ ጋር አስነክቶ ገመዱን መሳብ ነው፤ ከቀዳዳው የሚረጨው ቤንዚን ስለሚነድ መራቁ ግዴታ ነው። የጫፉ ክፍተት በአብዛኛው 0.5 ሚሊ ሜትር ነው። በአዲስ ካንዴላም እሳት ከሌለ ወደ ማጥፊያው የሚሄደውን ቀጭን ሽቦ ከኮይሉ (ለካንዴላው እሳት ከሚያመነጨው ክፍል) ነቅለው ይሞክሩ፤ እሳት ከመጣ ሽቦው አንድ ቦታ ተልጦ ከብረት እየነካ ነው። ካልመጣ ኮይሉን ይጠርጥሩ፤ በእሱና በቮላኖው (ማግኔት ባለው የሚሽከረከር ክብ ብረት) መካከል ያለው ክፍተት 0.3 ሚሊ ሜትር አካባቢ፣ የስም ካርድ ውፍረት ያህል ነው። ሲሞቅ የሚጠፋ፣ ግማሽ ሰዓት ሲቀዘቅዝ ግን ምንም እንዳልሆነ የሚነሳ መጋዝ ካጋጠመዎ ልክ እንደጠፋ ወዲያውኑ እሳቱን ይፈትኑ። ሲቀዘቅዝ የተፈተነ ኮይል ሁልጊዜ ደህና ይመስላል።

እመቃውን የምፈትነው እንዲህ ነው፤ መጋዙን ጠፍቶ እያለ በማስነሻው ገመድ እጀታ አንጠለጥለዋለሁ። ጤነኛ ሞተር ወዲያው አይወርድም፣ እየቆመ በዝግታ ነው የሚወርደው። ዝም ብሎ ከወረደ ማርሚታውን ፈትቼ በጭስ መውጫው ፒስተኑን በባትሪ እመለከታለሁ። ጎኑ ለስላሳና የሚያበራ ከሆነ ደህና፤ ከላይ ወደ ታች የተሰመሩ ጭረቶች ካሉ ፒስተኑና ፋሻዎቹ (በዙሪያው ያሉት የብረት ቀለበቶች) ተበልተዋል፣ ምንም ዓይነት ካርቡራተር አያድነውም። እግረ መንገድዎን የማርሚታውን ወንፊት ይዩ፤ በጥላሸት ከተደፈነ መጋዙ ይነሳል፣ ሚኒሞ ላይም ይቆማል፣ ጉልበት ግን አይኖረውም። እርስዎም ካርቡራተሩን ከመክፈትዎ በፊት ፒስተኑን በዚህ መንገድ አንድ ጊዜ ይዩት፤ አሥር ደቂቃ አይወስድም፣ ልብዎንም ያሳርፋል።

ሲያስነሱ መጋዙን መሬት ላይ አስቀምጠው፣ የሰንሰለቱን ፍሬን ዘግተው፣ በቀኝ እግርዎ ጫፍ የኋላውን እጀታ ረግጠው፣ በግራ እጅዎ የፊቱን ይዘው ገመዱን ይሳቡ። በአንድ እጅ አየር ላይ እየወረወሩ ማስነሳት ብዙ ሰው ጭን ላይ ጠባሳ ጥሏል። ለሙከራ ነው ብለው ጓንትና ጫማ አያስቀሩ። ከተነሳ በኋላም ፍሬኑን ሳይከፍቱ ሙሉ ነዳጅ አይስጡት፤ ፍሪሲዮኑ በደቂቃ ውስጥ ይጋያል።

ሥራው ሲያልቅና መጋዙ ከአንድ ወር በላይ የሚቀመጥ ከሆነ ታንኩን ባዶ ያድርጉ፣ ከዚያ አስነስተው ራሱ እስኪጠፋ በሚኒሞ ይተዉት፤ ካርቡራተሩ ውስጥ የቀረው ቤንዚን ያን ጊዜ ያልቃል።

ቤንዚኑን፣ ፊልትሮውን፣ ቱቦውንና ዲያፍራሙን ከቀየሩ በኋላም እንደዚሁ ቾክ ላይ ብቻ የሚሠራ ከሆነ ሦስት ነገር ጽፈው ይመልሱልኝ፦ የመጋዙን ስምና ሞዴል፣ ከጠፋ በኋላ ካንዴላው ደረቅ ወይም ርጥብ መሆኑን፣ በጭስ መውጫው ያዩትን የፒስተን ጎን ፎቶ። እስከዚያ ግን ብሎኖቹን አንድ ዙር ከተከፈቱበት አይንኳቸው።